ለምልመላ የጠጣሁት ኮሶ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ሜሮን በራችንን አንኳኩታ ገባችና፣ ቁጭ እንኳ ሳትል፣ «ጋሽ ግርማ፣ ለመከላከያ ስንመዘገብ ሰገራ ያያሉ የሚባለው እውነት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ስልኳን አሳየችኝ። ቴሌግራም ላይ አንድ ስሙ የማይታወቅ ሰው፣ ጥቁር መነጽሩን ሰክቶ፣ «ለምልመላ የምትዘጋጁ፣ ከምርመራው ሁለት ቀን በፊት ሆዳችሁን አጽዱ» ብሎ ጽፏል። ደሜ ፈላ። «ማነው ይሄ? የት ያለ ዶክተር ነው?» ብዬ ጮህኩባት። ልጅቷ ደነገጠች። ምን አድርጋ! እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። ይህንኑ ምክር እኔም በሷ ዕድሜ ሳለሁ እዚሁ አሰላ ውስጥ ሰምቼ፣ አምኜ፣ ጉድ ሆኛለሁ። በዚያ የተነሳ አንዲት እናት ፊት የዋሸሁት ውሸት አለ። ሴትዮዋ ዛሬም በሕይወት አሉ። እውነቱን ሳልነግራቸው አንዳችን ብንሞትስ የሚለው ሐሳብ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እረፍት ነስቶኛል።

ሜሮን ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ጠዋት ትሮጣለች፣ ከዚያ ወረቀት ታሳድዳለች። የድጋፍ ደብዳቤ፣ የትምህርት ማስረጃ ከነኮፒው፣ ዋስ፣ ጉርድ ፎቶ። አንዱ ቢሮ «ሲስተም የለም» ይላታል፣ ሌላው «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፣ ነገ ነይ» ይላታል። ባጃጅ ብቻ ጨርሷታል። በኛ ጊዜ ሲስተም የሚባል ነገር አልነበረም፤ ማህተሙን በኪሱ ይዞ የሚዞር አንድ ሰውዬ ነበር፣ እሱም ሁልጊዜ ለቅሶ ላይ ነው። ለዚያች ለአንዲት ማህተም ስንት ለቅሶ ደርሻለሁ! የማላውቀው ሬሳ ፊት አንገቴን ደፍቼ፣ ሰውዬው ንፍሮውን እስኪጨርስ ጠብቄ፣ «ጋሼ፣ ያቺን ነገር» ስለው፣ «ለቅሶ ቤት ማህተም ይጠየቃል? አታፍርም?» ብሎ ሰው ፊት ሰድቦኛል። ይሄን ለሜሮን ነግሬያት ሳቀች። እኔ ግን አሁንም ሳስበው አያስቀኝም።

ያኔ ብቻዬን አልነበርኩም፣ ከድር ነበር። ከድር ከጎበሳ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አሰላ መጥቶ፣ ከኛ ግቢ ጓሮ ያለችውን ጠባብ ክፍል በወር አራት ብር የተከራየ ልጅ ነው። እናቱ አዮ ዘይነባ ይባላሉ፤ በአርሲ ትልልቅ እናቶችን አዮ እያልን ነው የምንጠራቸው። ከድር አማርኛ ሲናገር ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ያደርጋል፣ እኔ እስቅበታለሁ። እኔ ኦሮምኛ ስናገር ደግሞ እሱ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ይንከባለላል። ማትሪክ ሁለታችንንም አንድ ቀን ጣለን። እሱ የሚወደው ነገር አንድ ብቻ ነበር፣ መኪና። ከመናኸሪያው በላይ ካለው ጎሚስታ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሰው ጎማ ሲፈታ ሲያይ ይውላል። «አንተ፣ ይከፍሉሃል እንዴ?» ስለው፣ «ማየት በነጻ ነው» ይለኛል። እናም የወታደር ምልመላ ማስታወቂያ ተለጥፎ፣ የገባ መኪና ጥገና ይማራል ሲባል ልጁ አበደ። እኔ መኪናውም ወታደርነቱም ግድ አልነበረኝም። ከድር ከሄደ እኔ እዚህ ከማን ጋር ልውል ነው ብዬ ነው «አብረን» ያልኩት። ቃል ተገባባን።

ያኔ አሰላን ብታዩዋት! አሁን ፎቅ የተሠራበት ሁሉ ያኔ ባሕር ዛፍ ነው። ከላይኛው መንገድ እስከ ታች በጋሪ ስሙኒ ነው፤ ፈረሱ አቀበቱ ላይ ሲደክመው ወርደን እየገፋን ስሙኒውን ግን እንከፍላለን። ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ዳቦ አሥራ አምስት፣ ሸራ ጫማ ስድስት ብር። ያቺን ነጭ ሸራ ጫማ ቅዳሜ በጠመኔ እያቀባን፣ ሱሪያችን ከጉልበት በታች እንደ ቀሚስ እየሰፋ፣ ጸጉራችንን በሚዶ ወደ ላይ አቁመን ስንወርድ ከተማው የኛ ነበር የሚመስለው። ከየሻይ ቤቱ ቴፕ ይጮሃል፤ ከላይ የተጀመረውን ዘፈን ታች ያለው ሻይ ቤት ይጨርስልሃል፣ አንድም ቃል አያመልጥህም። ለምልመላው አራት ጉርድ ፎቶ ሲጠየቅ ሣጥን ካሜራ ያለው ሰውዬ ጋ ሄድን። ኮትና ከረቫት ከነፎቶው ሁለት ብር። ኮቱ አንድ ነው፣ የከተማው ወጣት ሁሉ የተነሳበት። ትከሻው ከኔ ስለሚሰፋ ሰውዬው ከኋላዬ በመርፌ ቁልፍ ይዞ ሰበሰበው። «አትተንፍስ» አለኝ። ፎቶው ላይ ትንፋሼን እንደያዝኩ ነኝ። ሜሮን ያን ፎቶ አይታ «ጋሽ ግርማ፣ ምን ሆነው ነው ዓይንዎ የፈጠጠው?» አለችኝ። አሁን በስልክ ተነስተው ፊታቸውን ያለሰልሱታል፤ የማን ፊት እንደሆነ እንጃ።

ጉዳችንን ያመጣው አስር አለቃ የምንለው ሰው ነው። ወታደር ቤት ቆይቶ የተሰናበተ፣ አንድ እግሩን ጎተት የሚያደርግ፣ ከጎሚስታው አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት የማይጠፋ። ሻይና ሁለት ፍሬ ሲጋራ ከተገዛለት ስለ ምልመላ የማያውቀው ነገር የለም። ዓይን ሲመረምሩ የሚያሳዩትን ሹካ የሚመስል ምልክት የጎሚስታው በር ላይ በጠመኔ ሣለልን። «ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ» እያልን እንደ ዳዊት በቃላችን አጠናን። ዕለቱ ሲደርስ የተሰቀለው የቁጥር ሰሌዳ ሆኖ ከድር «ወደ ላይ!» ብሎ ጀመረና መርማሪዋ «ምኑ?» አለችው። ደረት መንፋት፣ ቁጢጥ ብሎ መነሳት፣ ወደ ጭላሎ የሚያወጣውን አቀበት መሮጥ፣ ሁሉንም አደረግን። ከሃምሳ ኪሎ በታች አይወሰድም ስለተባለ እህል ነጋዴው መጋዘን ሄደን በጆንያ ሚዛን ተመዘንን። እኔ ሃምሳ አንድ፣ ከድር ሃምሳ ከምናምን። አዮ ዘይነባ በሰው እጅ ጩኮ ላኩልን፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ ነው፣ አንድ ጭብጥ ከበሉ እስከ ማታ ሌላ አያሰኝም። «ለሁለታችሁ» ብለው ነው የላኩት።

እዚህ ላይ ነው አስር አለቃ ከሲጋራው ጭስ ጀርባ ሆኖ ያንን ነገር የተናገረው። «ሰገራ ያያሉ። የኮሶ ትል የተገኘበት በቀጥታ ይባረራል» አለ። ወደ ከድር ዞሮ፣ «አንተ እስላም ነህ፣ ጥሬ ሥጋ አትበላም፣ አያሳስብህም» አለው። ወደኔ ዞሮ ደግሞ፣ «አንተ ግን የነፍጠኛ ዘር፣ ለዓመት በዓል ጥሬውን ስትቆርጥ የከረምክ፣ እርግጠኛ አለብህ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ለፋሲካ በልቻለሁ። ቤቴ ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ መቼም ለኮሶ ማን ብሏት! «ድሮስ ሆድህ ሳይታጠብ ልትሄድ ነው?» አለች። ምርመራው ቅዳሜ ነው፣ ሐሙስ ጠዋት በባዶ ሆዴ አንድ ጣሳ ሙሉ አጋተችኝ። ኮሶ ያልጠጣ ሰው መራራ ምን እንደሆነ አያውቅም፣ በቃ። ቀኑን ሙሉ ከጓሮው በር አልወጣሁም። በኛ ቤት ልማድ ኮሶ የጠጣ ሰው አይጠየቅም፣ እንግዳ አይገባበትም፤ ከድር ግን ከክፍሉ ሆኖ በግድግዳው፣ «ግርማ፣ አለህ?» እያለ ሲስቅብኝ ዋለ።

ሐሙስስ ይሁን። ማግስቱ ዓርብ መሆኑን እኔም እናቴም አላሰብነውም። ሐሙስ የወረደውን ዓርብ በጩኮ እመልሳለሁ ብዬ እጄን ስሰድ እናቴ ቅሉን ነጠቀችኝ። «ቅቤ? ዛሬ ዓርብ! ለወታደርነት ብለህ ጾም ልትገድፍ?» «እማዬ፣ ኪሎዬ!» ብዬ ለመንኳት። «ኪሎህን እግዜር ያውቃል» አለች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የዘይት ሽሮ። ይኸውላችሁ፣ አንድ ሰው ለጤና ምርመራ ይዘጋጃል ብሎ በገዛ እጁ ራሱን በሽተኛ ሲያደርግ! እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ቆሽቴ ያርራል።

ቅዳሜ ጠዋት በቁምጣ ብቻ አዳራሽ ውስጥ ተሰለፍን። የአሰላ ብርድ ታውቁታላችሁ። ሚዛኑ ጋ የነበረው ነጭ ጋዋን የለበሰ ጢማም ድሬሰር፣ የጤና ረዳት ነው። ከድር ወጣ፣ «ሃምሳ አንድ» ተባለ፣ አለፈ። ጩኮውን ሐሙስም ዓርብም በልቷላ! እኔ ወጣሁ። ብረቷን ገፋ አደረጋት፣ መለሳት፣ ደግሞ ገፋት። «አርባ ዘጠኝ ከግማሽ» አለ። ድሬሰሩ ደግ ሰው ነበር፤ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፣ «ግማሽ ኪሎ እኮ ግማሽ ሊትር ውሃ ነው። ሮጥ ብለህ ጠጥተህ ና» አለኝ። ሸሚዜን ሳልቆልፍ ወደ ቦኖው በረርኩ። ቦኖው ደርቋል! ሃያ እንስራ ተደርድሮ ሴቶቹ ተቀምጠዋል። «ውሃ መቼ ይመጣል?» ስላቸው «አንተ ንገረን እንጂ» አሉኝ። ወደ ሻይ ቤት ሮጥኩ። የተቀዳ ውሃ የለም፣ ያለው ሻይ ነው። ኪሴ ውስጥ ስድሳ ሳንቲም ነበረች፣ ስድስት ሻይ አዘዝኩ። በሞቴ፣ የሚፋጅ ሻይ ቸኩላችሁ ጠጥታችሁ ታውቃላችሁ? አራተኛው ላይ ምላሴ ተላጠ፣ ዓይኔ አለቀሰ፣ ስድስተኛውን እየጮህኩ ጨረስኩት። ስመለስ ሚዛኑን ለሁለት ተሸክመው ላንድሮቨር ላይ እየጫኑት ነው። ድሬሰሩ አየኝና እጆቹን ዘረጋ። ምን ያድርግ። ሰገራ ደግሞ ማንም አልጠየቀም፤ ከመቶ ሰው አንዱንም አልጠየቁም።

ሰኞ ከድር በአውቶቡስ ሄደ። በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «እናቴ ጋ ሂድ። ደህና ነው በላት። አንተ በሚቀጥለው ዙር ትመጣለህ፣ እሺ?» አለኝ። እሺ አልኩ። በወሩ በእህል መኪና ላይ ተጭኜ ጎበሳ ወረድኩ፣ ከዚያም በእግሬ። አዮ ዘይነባ ቤት ስገባ የጎረቤት ሽማግሌዎች ተሰብስበዋል። ሁሉም ዓይን እኔ ላይ። «አንተስ? አብራችሁ አልነበራችሁም?» አሉኝ አንዱ ሽማግሌ። በነዚያ ሽማግሌዎች ፊት ኮሶ ጠጥቼ፣ ጓሮ ለጓሮ ስሮጥ ውዬ፣ ግማሽ ኪሎ ጎደለኝ ልበል? ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፣ «ልብህ ታማሚ ነው ብለው መለሱኝ» አልኩ። አዮ ዘይነባ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ወዲያው ከቆምኩበት ይዘው አስቀመጡኝ፣ ወተት አመጡ። ጠጣሁት። ውሸቱ እንዲህ ነው የተጀመረው።

እዚያ ላይ ቢቆም ምን ነበረበት! ከሁለት ወር በኋላ ሁለተኛው ዙር ተለጠፈ። ያኔ ሃምሳ አራት ኪሎ ደርሻለሁ። ቦኖው ውሃ አለው። ማስታወቂያው ፊት ቆሜ ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ለጠየቀኝ ሁሉ «ልቤን ያመኛል፣ ሐኪም ከልክሎኛል» አልኩ። ፈራሁ፣ ይኸው ተናገርኩት። በዚያ መካከል ከጦር ግንባር የሰማነው ወሬ ደስ የሚል አልነበረም፣ ያመለጥኩ መሰለኝና ያመለጥኩበትን ውሸት እንደ ጋቢ ለበስኩት። አባቴ የመምህራን ማሠልጠኛ አስገባኝ። ከድር ለእናቱ ሦስት ደብዳቤ ጻፈ። አራተኛው አልመጣም። እሱም አልመጣም። እንዲህ ሆነ ብሎ ለእናቱ የነገራቸው ሰውም የለም።

ከዚያ ወዲህ በዓመት ሁለቴ፣ ለአረፋና ለመከር፣ አዮ ዘይነባ ጋ ሳልሄድ የቀረሁበት ዓመት የለም። እሳቸው ደግሞ በዚያ ልብ ተብዬ ነገር ቁም ስቅሌን አሳዩኝ። ከመንገዱ እስከ ቤታቸው ያለው አቀበት ይገድልሃል ብለው ፈረስ ይልኩልኛል። ጭቅጭቅ እንዳልሰማ ልጆች ያስወጣሉ። በሥራዬ ደግሞ ምን ነበርኩ? የስፖርት አስተማሪ! ፊሽካ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከልጆች ጋር ስሮጥ የኖርኩ ሰው። ለሳቸው «ጂኦግራፊ ነው የማስተምረው» አልኳቸው። አንድ የገበያ ቀን አሰላ መጥተው በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል ሲያልፉ አይቻቸው ከነፊሽካዬ ሽንት ቤት ጀርባ ተደብቄያለሁ። ስልሳ ተማሪ ሜዳ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል፣ አስተማሪው ሽንት ቤት ጀርባ! ይሄ ኑሮ ነው?

እንግዲህ ሜሮን ያንን ስልክ ስታሳየኝ ነው ነገሩ የገነፈለው። «ስሚኝ» አልኳት፣ «ምንም አትጠጪ። ብዪ፣ ተኚ፣ ሩጪ። የሚያስፈልገውን እዚያው የሚመረምሩሽ ሰዎች ይነግሩሻል።» «እሺ ጋሼ፣ ግን ለምን ይቆጡኛል?» አለችኝ። ሐሙስ ዕለት ሚኒባስ ተሳፍሬ ጎበሳ ወረድኩ። በመንገዱ ሁሉ የምናገረውን ስደረድር ነበር። ሹፌሩ በየመንገዱ ሰው ሲጭን፣ ሲያወርድ፣ ሲጨቃጨቅ፣ «ንዳው እንጂ!» ብዬ ጮህኩበት። «አባት፣ ምን ያስቸኩልዎታል?» አለኝ። አርባ ዓመት ዘግይቻለሁ አልለው ነገር።

አዮ ዘይነባ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነው። ዓይናቸው ደክሟል፣ በድምፄ ነው የሚለዩኝ። «ግርማ፣ በእግርህ ነው የመጣኸው? ልብህስ?» አሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «አዮ፣ ልቤ ደህና ነው። ድሮም ደህና ነበር» አልኩና ሁሉንም ዘረገፍኩት። ኮሶውን፣ ዓርቡን፣ ደረቁን ቦኖ፣ ስድስቱን ሻይ። ፊታቸው ላይ ምንም አልተለወጠም። ስጨርስ፣ «አውቃለሁ» አሉኝ።

«ምን?»

«ከድር በመጀመሪያው ደብዳቤ ጽፎታል። አንተ ሳትመጣ ነው የደረሰኝ፣ የመንደሩ ሸኽ ናቸው ያነበቡልኝ። መድኃኒት ጠጥቶ ግማሽ ኪሎ ጎደለው ይላል።»

ተነስቼ ቆምኩ። አላፈርኩም፣ ተናደድኩ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ዝም ይሉኛል? ፈረስ ይልኩልኛል? ጂኦግራፊ ስል ይሰሙኛል?»

«ተቀመጥ» አሉ። ተቀመጥኩ። እጃቸውን ዘርግተው ክንዴን ፈልገው ያዙኝ። «ደብዳቤው ላይ ሌላም ነበረበት» አሉ። «'ብቻዬን ነኝ፣ በሚቀጥለው ዙር እንዲመጣ ንገሪው' ይላል። አልነገርኩህም። አንተ ልቤን አመመኝ ብለህ ስትመጣ፣ እኔ እውነቱን አውቄ፣ ጎሽ አልኩ። አንዱ ሄዷል፣ አንዱ እንኳ ይቅር አልኩ። ልጄ ጓደኛውን ለመነኝ፣ እኔ ከለከልኩት። በመጣህ ቁጥር እሱ ነው የሚታየኝ፣ ብቻውን ሆኖ። አላህ ይሄን ይጠይቀኛል።»

ይህን ሁሉ ዓመት ያታለልኩ እኔ ብቻ መስሎኝ! ለመቆጣት አፌን ከፈትኩ፣ የምቆጣው ሰው ግን አጣሁ። እንዲህ ያለ ነገር ተሸክመው ነው ለኔ ልብ ሲጨነቁ የኖሩት። አንድ የቀረኝ ነገር ነበር፣ እሱን ለማንም፣ ለሚስቴም ተናግሬው አላውቅም።

«አዮ» አልኳቸው፣ «ቢነግሩኝም አልሄድም ነበር። ሁለተኛው ዙር ሲለጠፍ ኪሎዬ ሞልቶ ነበር፣ ማስታወቂያውን አንብቤዋለሁ። እርስዎ አልከለከሉኝም። እኔው ፈርቼ ነው የቀረሁት።»

«እውነትህን ነው? ለኔ ብለህ አይደለም?»

«እውነቴን ነው። ፈሪ ነበርኩ።»

ክንዴን ለቀቁት። ፊታቸውን ወደ ፀሐይዋ መልሰው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «አልሃምዱሊላህ» አሉ፣ ደግመውም፣ «አልሃምዱሊላህ።» በዚህ ዓለም ላይ ፈሪነቴን ሰምቶ ፈጣሪውን ያመሰገነ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።